የተራራ ጉዞና የወቅት ምርጫ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የጉብኝት ኮሚቴ በመጪው ዓመት አባላት ከነቤተሰቦቻቸው የሚካፈሉበት የተራራ የእግር ጉዞ ለማዘጋጀት ማሰቡ ቀደም ሲል በተሰራጨው ማስታወቂያ ተገልጿል። በማስታወቂያው የቀረቡት አማራጮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በፋሲካ ሰሞን ወደ ባሌ ተራሮች፣ ሁለተኛው በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድ ነው። የቀኖቹ አመራረጥ ምክንያት የሌለው አይደለም። ፋሲካ ከስቅለት ጋር ተያይዞ ተከታታይ የዕረፍት ቀኖች ይሰጠናል፤ ክረምቱ ደግሞ ልጆች ከትምህርት ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ ነው። ስለ ቦታዎቹም ክርክር ያለ አይመስለኝም። የሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ የባሌ ተራሮችም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህንኑ ማዕርግ አግኝቷል። እንግዲህ ቦታዎቹ መልካም ናቸው፤ ቀኖቹም ለሥራችን ይመቻሉ። ችግሩ ቀኖቹና ቦታዎቹ እርስ በርሳቸው አለመስማማታቸው ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ለማስረዳትና ሌላ ቀን እንድንመርጥ ለመጠየቅ ነው።

ኮሚቴው እንድናገር የጋበዘኝ የአየር ጠባይ ሊቅ ስለ ሆንሁ አይደለም። ሙያዬ የመንገድ ውሃ ማፋሰሻ ሥራ ነው፤ ዝናብንም የማውቀው በቱቦና በድልድይ ስፋት በኩል ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ሌላ ዕረፍቴን ለብዙ ዓመታት በተራራ የእግር ጉዞ ማሳለፌን ባልደረቦቼ ስለሚያውቁ፣ ሁለቱን አጣምሬ እንዳቀርብ ፈቃዳቸው ሆኗል።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቶች ጥቂት ልበል። አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 ያለውን በጋ፣ ቀጥሎ እስከ ሰኔ 25 ያለውን ጸደይ፣ የቀረውን ክረምት ብለውታል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ለትንበያው ሥራ በጋ፣ በልግና ክረምት በማለት በሦስት ይከፍለዋል። ሁለቱም አከፋፈሎች ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን አገራችን ሰፊ ስለሆነች አንዱ ስም በየቦታው አንድ ዓይነት አየር አያመለክትም። እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች «ክረምቱ ካልገባ መንገዱ ደረቅ ነው» የማለት ልማድ አለን። ይህ አባባል ለሰሜን ተራሮች በብዙው ይሠራል፤ ለባሌ ግን ጨርሶ አይሠራም።

ለምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። የሰሜን ተራሮች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ግድም ላይ ሲገኙ፣ የባሌ ተራሮች 7 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። በመካከላቸው ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሰሜንና የደቡብ ርቀት አለ። ዝናብ የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ኋላም ተመልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ወደ ሰሜን ሲወጣ ባሌን በመንገዱ ያገኛታል፤ ሲመለስም ዳግመኛ ያልፍባታል። ወደ ሰሜን ተራሮች ግን የሚደርሰው በጉዞው ጫፍ ላይ፣ ማለትም በክረምት ነው። የዘርፉ ሊቃውንት ነገሩን ከዚህ አራቅቀው እንደሚያስረዱት አውቃለሁ፤ የሕንድ ውቅያኖስም፣ የተራሮቹ አቀማመጥም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለኛ ጉዳይ ግን ይህ ይበቃል። ውጤቱም የሚከተለው ነው፦ የሰሜን ተራሮች የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን ከሰኔ እስከ መስከረም ተቀብለው ከጥቅምት ጀምሮ ለወራት ሲደርቁ፣ ባሌ ግን በመጋቢት ዝናብ ይጀምራታል፤ በሚያዝያ ይበረታባታል፤ መካከል ላይ ጥቂት ፋታ ሰጥቷት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደገና ይመለስባታል። በባሌ በእርግጥ ደረቅ የሚባሉት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ብቻ ናቸው።

አሁን የፋሲካን ነገር እንመልከት። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ይህ ማለት ፋሲካ በየትኛውም ዓመት ቢውል ከባሌ የመጀመሪያ ዝናብ ወራት ሊያመልጥ አይችልም ማለት ነው። «ዘንድሮ ቢከፋ ለከርሞ ይሻላል» የሚያሰኝ ዕድል እንኳ የለውም። አንዳንድ ዓመት በልጉ ዘግይቶ ወይም ሳስቶ የፋሲካ መንገደኞች ፀሐይ እንደሚያገኙ አልክድም። እንዲያ የገጠማቸው ሰዎች ተመልሰው ሲያወሩ ደግሞ ወሬው ይስፋፋል፤ ዝናብ የደበደባቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ። እኛ መሐንዲሶች ግን ድልድይን በአማካይ ጎርፍ አንሠራም። አሥር ዓመት፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የሚመጣውን ጎርፍ አስበን ነው የምናሰፋው። ልጆች ይዘን ለምንሄድበት ጉዞ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ የምናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

«ዝናብ ምን ያደርጋል? እንደርቃለን» የሚል አይጠፋም። በአዲስ አበባ እውነት ነው። በከፍታ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በየሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን፣ የባሌ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ነው፤ በላዩ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ አዲስ አበባ በቀትር 22 ዲግሪ ከሆነች ሳነቴ 12 ዲግሪ ገደማ ናት። ደመና ፀሐይዋን ሲጋርድና በረዶ መውረድ ሲጀምር ይህ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ አራትና አምስት ዲግሪ ይወርዳል። ሳነቴ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ስለሆነ ነፋሱን የሚያግደው የለም፤ እዚህም እዚያም ከቆመው ጅብራ በቀር መጠጊያ አይገኝም። የራሰ ልብስ የለበሰ ሰው በነፋስ ውስጥ ሲቆም ሰውነቱ ከሚያመነጨው ሙቀት ይልቅ የሚያጣው ይበልጣል። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ የቅዝቃዜ ሕመም ይዞታል ማለት ነው፤ ካልታገዘም ለሞት ያደርሳል። ለዚህ ውርጭ አያስፈልግም። አምስት ዲግሪ ሙቀት፣ እርጥብ ሹራብና ነፋስ ይበቃሉ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው የባሌ ጉዞ ላይ በእንግድነት ተገኝቼ ነበር። የጉዞው ቀን የተመረጠው በአየሩ ሳይሆን በበጀቱ ሰሌዳ ነበር። ጠዋት ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ስለነበር መኪናዎቹን መንገድ ላይ ትተን በእግር ወደ አምባው ውስጥ ገባን። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን በስተደቡብ፣ ከሐረና ጫካ በኩል፣ ደመና ተነሣ፤ 8 ሰዓት ሳይሞላ በረዶው ምድሩን ነጭ አደረገው። ከመካከላችን አንድ ወጣት ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብ ነበር የለበሰው። በመጀመሪያ ክፉኛ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ መንቀጥቀጡን ሲተው «ተሻለው» ብለው የተደሰቱ ነበሩ። ነገሩ ግን የመዳን ሳይሆን የመባስ ምልክት ነበር። ቃላቱ ይደናቀፉ ጀመር፤ «ጥቂት ልቀመጥ፣ እናንተ ሂዱ» ይል ነበር። እርጥቡን አውልቀን፣ የደረቀ አልብሰን፣ በሁለት ሰው ደግፈን መኪናው ዘንድ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ጎባ ወርዶ ከተሞቀና ትኩስ ከጠጣ በኋላ ዳነ። መኪናው ከዚያ ሁለት ሰዓት ርቆ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ግምት እተዋለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የጉዞ ቦታ ስመርጥ በቅድሚያ የማሰላው አንድ ነገር አለ። የዝናቡን መጠን አይደለም፤ ከጉዞው እጅግ ሩቅ ከሆነው ነጥብ እስከ መጠለያ ድረስ የሚወስደውን ሰዓት ነው። መጠለያ ስል መኪና፣ ቤት፣ ወይም ነፋስ የማያገኘው ዝቅ ያለ ሸለቆ ማለቴ ነው። በዝናብ ወራት የከፍተኛ ቦታዎች ቀን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ አለው፤ ጠዋቱ ጥርት ይላል፣ ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ደመናው መቆለል ይጀምራል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድና በረዶ ይወርዳል። የመጀመሪያው ደመና ከታየበት ጊዜ እስከ በረዶው ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። መመለሻው ከዚህ የሚያንስ ከሆነ በዝናብ ወርም ቢሆን በማለዳ ተነሥቶ መሄድ ይቻላል። መመለሻው ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ግን ያ ቦታ ለደረቅ ወራት ብቻ የተሠራ ነው። ከዲንሾ ተነሥቶ በወይብ ሸለቆ፣ በራፉና በጋርባ ጉራቻ ሐይቅ አድርጎ ሳነቴ የሚያደርሰው የብዙ ቀን መንገድ በዚህ ስሌት በሚያዝያ ፈጽሞ አያልፍም። መካከሉ ከማንኛውም የመኪና መንገድ የሙሉ ቀን ጉዞ ይርቃልና።

መብረቅንም አንርሳ። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ የሚቆጠረው እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሠላሳ ሳይቆጠር ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ በአሥር ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለሆነ ከጫፍና ከሜዳ መውረድ ይገባል፤ ከመጨረሻውም ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው አማራጭ፣ ወደ ክረምቱ የሰሜን ጉዞ ልለፍ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያሻኝም። ሰው ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደው ገደሉን ለማየት ነው። ከእሜት ጎጎ ጫፍ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ ቆሞ፣ ያንን የተፈለፈለ ቆላ ቁልቁል ለመመልከት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እዚያ የሚቆም ሰው የሚያየው በጉም የተሸፈነ ነጭ ግድግዳ ነው፤ የገደሉን አፋፍ ለይቶ ማወቅ እንኳ የሚያስቸግርበት ሰዓት አለ። ከጨነቅ ተነሥቶ በቧሂት በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ መሸሃን መሻገር ይኖርበታል፤ በክረምት የዚህን ወንዝ ሙላት የአካባቢው ሰው ራሱ ይፈራዋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር፣ ያው ቦታ ሌላ ይሆናል። አየሩ ታጥቦ ይጠራል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴዎቹም ገና አልደረቁም። የሰሜን ተራሮች ዋና ጊዜ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ በጋው በገፋ ቁጥር መሬቱ ይደርቃል፣ አቧራና ጭጋግ እይታውን ያደበዝዘዋል፣ ከሁሉም በላይ እሳት ያሰጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን ያነደደው፣ ለማጥፋትም የውጭ አገር እርዳታ ያስፈለገው ቃጠሎ ከብዙዎቻችን አእምሮ አልጠፋም።

ስለ ሰሜን ተራሮች አንድ ነገር መጨመር ግዴታዬ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የመንገዱ ደኅንነት ከአየሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ሆኗል። ደመናን አስቀድሞ መገመት ይቻላል፤ ይህንን ግን በወር ቀደም ብሎ የሚገምት መሐንዲስ የለም። ስለዚህ ከወራት በፊት ገንዘብ ተከፍሎበት ቀኑ ለሚቆረጥ የማኅበር ጉዞ፣ ልጆችም ለሚካፈሉበት፣ የሰሜኑን መንገድ አሁን እንድንይዝ አልመክርም። ይህን ስናገር ቅር እያለኝ ነው፤ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ባለው መንገድ በመሪነት፣ በስካውትነትና በባለ በቅሎነት ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች የዚህ ጉዳት ቀዳሚ ተሸካሚዎች ናቸውና።

ታዲያ ምን ይሁን? የእኔ ሐሳብ ወደ ባሌ እንሂድ፣ ቀኑን ግን እንለውጥ የሚል ነው። የትምህርት ቤቶች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ብዙውን ጊዜ በጥር ማብቂያና በየካቲት መግቢያ አካባቢ ይውላል። ልጆቻችን ነፃ የሚሆኑበት፣ ባሌም ደረቅ የምትሆንበት ጊዜ በአንድነት የሚገናኙት በዚህ ሰሞን ነው። ወደ የካቲት መጨረሻ እንዲገፋ ግን አልፈልግም፤ በ1992 ዓ.ም. የባሌን ጫካዎች ያጋየው ታላቅ ቃጠሎ የተነሣው በልጉ ሳይገባ፣ ምድሩ እጅግ በደረቀበት በዚያ ጊዜ ነበር።

ደረቅ ወር ሲባል ሞቃት ወር ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ እንወቅ። እንዲያውም ሌሊቱ የሚከፋው በዚህ ጊዜ ነው። ደመና በሌለበት ሰማይ ምድር የቀን ሙቀቷን በሌሊት ወደ ላይ ስለምትለቅ፣ በሳነቴ የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል፤ ጠዋት አመዳዩ ድንኳኑን እንደ ቆርቆሮ ያደርቀዋል። የሌሊት ብርድና የቀን እርጥበት ግን እኩል አይደሉም። ብርዱ የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል፣ ሰውም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች አዳሩ ዲንሾ ወይም ጎባ እንዲሆን፣ ሳነቴን ደግሞ በቀን ብቻ እንድንጎበኝ አሳስባለሁ። ይህ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። የአየር ግፊቱ በአዲስ አበባ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ሲሆን፣ በሳነቴ ከመቶ ስድሳ ያህል ብቻ ነው። ከጎባ ተነሥቶ በመኪና በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ አምባው መውጣት ስለሚቻል፣ ሰውነት ሳይለምድ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን 3,100 ሜትር ግድም በሆነችው ዲንሾ አርፎ የደጋ አጋዘኑን እያዩ መዋል፣ በማግሥቱ መውጣት የተሻለ ነው። ራስ ምታቱ የጠናበት ሰው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «እስቲ ይለፈው» ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ጋቢያችን በደረቅ ሌሊት የሚወዳደረው የለም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ውሃ ከጠጣ በኋላ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም። የመንዝና የሰሜን ደገኛ ከጥንት ጀምሮ የበግ ጠጉር በርኖስና ባና መልበሱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሱፍ ርሶም ቢሆን ጥቂት ይሞቃል። በርኖስ የሌለው የሱፍ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ካፖርት ይያዝ። ጂንስ ሱሪ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። በምግብም በኩል፣ ውሃ በ4,000 ሜትር ከፍታ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ እዚያ ላይ እሳት ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። በሶና ዳቦ ቆሎ ግን ከፍታ አይገድባቸውም።

ጉባኤው የፋሲካን ቀን መለወጥ አይቻልም ብሎ ከወሰነ ደግሞ ቀኑን ይዘን ተራራውን እንለውጥ። ወንጪ፣ ዝቋላ ወይም መናገሻ ሱባ ለዚህ ይሆናሉ። ሚያዝያ ለእነዚህም ዝናብ አያጣቸውም፤ ነገር ግን ከዝቋላ 2,989 ሜትር ጫፍ እንኳ ሰው ቢረጥብ እየረጠበ ወርዶ ቤት ይገባል። ቀደም ሲል ባልሁት ስሌት መመለሻው አጭር ነው። ከሳነቴ ጋር በውበት ላይወዳደሩ ይችላሉ፤ በፋሲካ ማግሥት ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣባቸው ግን እነዚህ ናቸው።

በኮሚቴው ጥያቄ ሁለት ነገሮች ለድምፅ ይቀርባሉ፤ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ባሌ፣ ወይም በፋሲካ ከአዲስ አበባ አጠገብ ካሉት አንዱ። የመጀመሪያው ከተመረጠ፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ የበጋ ትንበያ ሲወጣ ተመልክቼ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ከጉዞውም ሦስት ቀን በፊት የዕለቱን ትንበያ አይተን ሳነቴ መውጣትን የመሰረዝ ሥልጣን ለጉዞው መሪ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ልጆችም ተነሣስተዋል በሚል ክርክር እንዳይነሣበት ነው። መድረኩን ለኮሚቴው ሰብሳቢ እመልሳለሁ።